ሳይክሎሄክሳማይድ ጨምሬም ንባቡ አልወርድ አለኝ

የላብ ጀማሪ፦
ሰላም ወገን። አንድ መድኃኒት ሴሎች ፕሮቲን የሚሠሩበትን ፍጥነት ይቀንስ እንደሆነ እያየሁ ነው። ሰልፈር-35 (ጨረር የሚያወጣ ሰልፈር) ያለበት ሜቲዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ለአንድ ሰዓት ሰጠኋቸው፣ ሦስት ጊዜ አጠብኩ፣ ሴሎቹን አፍርሼ ጨረሩን ቆጠርኩ። ለማነጻጸሪያ ሳይክሎሄክሳማይድ የጨመርኩባቸው ፕሮቲን መሥራት ማቆም ነበረባቸው አይደል? ንባባቸው ግን ምንም ካልነካኋቸው ግማሽ ያህል ነው! ጓደኛዬ ደግሞ «ይሄን ሁሉ የጨረር ጣጣ ትተህ ዌስተርን ብሎት ሥራ» ይለኛል (አንድን ፕሮቲን በፀረ-አካል ለይቶ መጠኑን በመስመር የሚያሳየውን ዘዴ ማለቱ ነው)። ግራ ገባኝ።

ቱቦ አጣቢ፦
ከመቁጠርህ በፊት ፕሮቲኑን በትሪክሎሮአሴቲክ አሲድ አዝቅጠሃል? ካላዘቀጥክ የቆጠርከው ሴሉ ውስጥ ገብቶ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ሜቲዮኒን ጭምር ነው። ሳይክሎሄክሳማይድ የሚያቆመው ፕሮቲን የሚሠራውን ራይቦዞም እንጂ አሚኖ አሲዱ እንዳይገባ በር አይዘጋም፣ እጥበቱም ውጪ የቀረውን እንጂ የገባውን አያወጣም። በአሲዱ ፕሮቲኑ ይዘቅጣል፣ ነጻው አሚኖ አሲድ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። አሲዱ ውስጥ እያለ ወደ 90 ዲግሪ ማሞቅም አትርሳ፤ ሜቲዮኒን የተሸከመው ቲአርኤንኤ (አሚኖ አሲድ ወደ ራይቦዞም የሚያደርሰው ሞለኪውል) በቀዝቃዛ አሲድ አብሮ ስለሚዘቅጥ ያታልልሃል፣ ሲሞቅ ግን ሸክሙን ይለቃል።

ሳልቸኩል፦
ስለ ዌስተርኑ፦ ጓደኛህ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው የሰጠህ። ዌስተርን ያለውን ሁሉ ነው የሚያሳይህ፣ የትናንቱንም የአሁኑንም። ቶሎ የማይፈርስ ፕሮቲን ምርቱ ከቆመ ከሰዓታት በኋላም መስመሩ ንቅንቅ ላይል ይችላል። የጨረር ምልክት ያለበት አሚኖ አሲድ ግን አዲሱን ከነባሩ ይለይልሃል። የሴል ተመራማሪዎቹ ጄሚሰንና ፓላዴ በ1967 ያሳተሙትን ሥራ አስበው፤ የጊኒ ፒግ ቆሽት ቁራጭ ላይ ትሪቲየም (ጨረር የሚያወጣ ሃይድሮጅን) ያለበት ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ለ3 ደቂቃ ብቻ ሰጡ፣ ከዚያ በተራው ሉሲን አጥለቀለቁት፣ እና ያቺ የ3 ደቂቃ ምርት ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ፕሮቲኑ ከሚሠራበት የሴል ክፍል) ወደ ጎልጂ (ፕሮቲን ወደሚደራጅበት ክፍል)፣ ከጎልጂም ወደ ማከማቻ ከረጢቶቹ ስትጓዝ እግር በእግር ተከተሏት። ዌስተርን ይሄን ከየት ያመጣዋል?

ቱቦ አጣቢ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። የሴሎቹ መኖ ሜቲዮኒን የሌለበት መሆን አለበት። ተራው ሜቲዮኒን ካለ ከምልክቱ ጋር ይሻማል፣ ንባብህም ከንቱ ይሆናል። ጠርሙሱንም አየር በሚስብ ሳጥን ውስጥ ክፈት፤ ሰልፈር-35 ያለበት ሜቲዮኒን የሚተን ነገር ያወጣል፣ ሰው ይሄን አቅልሎ ያየዋል። ግማሽ ዕድሜው 87 ቀን ገደማ ስለሆነ የቆየ ጠርሙስ ከያዝክ ቀኑን አስላ።

የላብ ጀማሪ፦
አፈርኩ፣ ጭራሽ አላዘቀጥኩም ነበር 😅 ደገምኩት፤ የሳይክሎሄክሳማይዱ ንባብ ወደ 4 በመቶ ወረደ። ያቺ የቀረችውስ ምንድን ናት?

ሳልቸኩል፦
ከፊሏ ማይቶኮንድሪያ ልትሆን ትችላለች። የራሱ ራይቦዞም አለው፣ ሳይክሎሄክሳማይድም አይነካውም፤ በሰው ሴል 13 ፕሮቲኖችን እዚያው ይሠራል። ማረጋገጥ ካማረህ በአንዱ ላይ የማይቶኮንድሪያን ራይቦዞም የሚያቆመውን ክሎራምፌኒኮል ጨምርበትና እያት።