ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ውርርዱስ?

አስተባባሪ፦ ያ ጀማዓ፣ የዱባይ ዎርልድ ካፕ እየደረሰ ነው። በአንድ ምሽት ዘጠኝ የፈረስ ውድድር፣ የዋናው ሽልማት ብቻ 12 ሚሊዮን ዶላር! ዋናው ሩጫ በእኛ ምሽት ላይ ስለሆነ ከሥራ ገብቶ ለማየት ይመቻል። እስከዚያው አንድ ነገር እንከራከር። ከመካከላችን አንዱ «እኛም እዚህ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ የፈረስ ሩጫ ቀን ይኑረን፣ ውርርድም ይፈቀድበት» ብሏል። ምን ትላላችሁ?

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ ባዩ እኔ ነኝ። ያለ ብር ማን ፈረስ ይቀልባል? ገብስ ስንት እንደገባ ገበያ ወጥታችሁ ጠይቁ። እንግሊዞች ከእ.ኤ.አ. 1961 ጀምሮ አወራራጁን ለፈረስ ስፖርቱ መዋጮ ያስከፍሉታል፤ አሁን ከትርፉ 10 በመቶ ነው፣ ለሽልማቱም ለፈረሶቹ ጤናም ከዚያ ይወጣል። የእኛ ልጅ እንደሆነ ለማንቸስተር ትኬት መቁረጡን አልተወም። ለአገሩ ፈረስ ቢቆርጥ ምን አለበት?

ሸዋ በር፦ ምን አለበት?? ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈራችን ያለው ቤቲንግ ቤት ግባና እይ። ወለሉ የተበላ ትኬት ነው። ባለፈው አንዱ የቀን ሠራተኛ ትኬቱን ጨምድዶ ጣለው፣ በጫማው ረገጠው፣ ከዚያ ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብሎ መልሶ አነሳና ዘርግቶ አየው። የራት ብሩ ነበር። አሁን ደግሞ ፈረስ ልትጨምርበት ነው?

እህታችሁ ከዱባይ፦ ሰላም ነው፣ ሁላችሁንም ናፍቄያለሁ። እኔ ደግሞ ካለሁበት ልናገር። ይሄ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመርም ሜዳው ላይ ውርርድ አልነበረም። ሰው አሸናፊ ይገምታል፣ ግን በነጻ ነው፣ ከገመተ ይሸለማል፣ ካልገመተም ከኪሱ የወጣ የለም። በዚህ ምክንያት ሰው ቀረ እንዴ? የሚሮጡበት ሜዳ፣ መይዳን፣ ጢም ብሎ ነው የሚያመሸው። ደግሞ የመጀመሪያውን ሩጫ እንዳያመልጣችሁ፣ የንጹህ ዓረብ ፈረሶች ነው፣ እኔ ከዋናው ይልቅ እሱን ነው የምወደው።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ እህቴ፣ እዚያ እኮ ሼሁ አሉ። እኛ ጋ 12 ሚሊዮን ብርስ ማን ያወጣል?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ሼህም ውርርድም ሳያስፈልግ የሠሩ አሉ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ። ጥር 23 እንጅባራ ሄዳችሁ ብታዩ የፈረሱ ብዛት ያስደንቃችኋል። ወሎ ደግሞ በፈረስ ከማን ያንሳል? ንጉሥ ሚካኤልን ሰው «አባ ሻንቆ» የሚላቸው በፈረሳቸው ስም ነው። ዓድዋ የዘመተው ፈረሰኛቸው ትኬት ቆርጦ አልሄደም።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የእንጅባራው በዋናነት በዓል ነው። እኔ የምለው ተለክቶ፣ ሰዓት ተይዞ የሚሮጥ ሩጫ ነው።

ከወደ ኮምቦልቻ፦ ቆይ፣ ለምንድነው ሁሉም ነገር ደሴ የሚሆነው? ኮምቦልቻ ሜዳ አለን፣ አየር ማረፊያ አለን። ዳገት ለዳገት ፈረስ ልታስሮጡ ነው?

ባለጋሪው፦ ወንድሜ፣ ቦሩ ሜዳ ስሙም ሜዳ ነው፣ ዳገቱ ከተማው ውስጥ ነው። ደግሞ እኔ ከፈረስ ጋር ነው የምውለው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። የደጋ ፈረስ ድንገት ቆላ ስታወርደው ሙቀቱ አለ፣ በጥቃቅን ትንኝ የሚተላለፈው የፈረስ በሽታ አለ፣ እሱ ከያዘው ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። ጥሩ ፈረስ የሚመጣው ደግሞ ከነኩታበር ነው፣ ለእነሱ ቦሩ ሜዳ ቅርብ ነው። ውርርዱን በተመለከተ የምፈራው አንድ ነገር ነው። ብር ያስያዘ ሰው ፈረሱ ሲያነክስ «አቁም» አይልም፣ «ግረፈው» ነው የሚለው።

ቧንቧ ውሃ፦ ኡስታዝ አይደለሁም፣ ግን የተማርነውን ልበል። በፈረስ ሩጫ ሽልማት በሐዲስ የተፈቀደ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ የሆነ ሰው ሽልማቱን ከሰጠ ችግር የለውም። ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው አዋጥተው አሸናፊው ይውሰድ ካሉ ዑለሞቹ ይከራከሩበታል። ዳር ቆሞ የሚያየው ብር ካስያዘ ግን ቁማር ነው፣ አለቀ። ደሴ ላይ ይህን ይዘህ ብትነሳ ግማሹ ከተማ ገና ከጅምሩ ሳይመጣ ይቀራል፣ ክርስቲያኑም ቢሆን ልጁን ቁማር ሜዳ አይልክም።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ እሺ፣ ሰው ይቀራል ያልከው እውነት ነው፣ እሱን አላሰብኩትም ነበር ማለት አልችልም፣ አስቤዋለሁ፣ ግን ገንዘቡ በለጠብኝ። ውርርዱ ይቅር እንበል። ሽልማቱ ምንድነው ታዲያ? ለአንድ በግ ብሎ ከኩታበር ፈረስ እየጎተተ የሚመጣ የለም።

ባለጋሪው፦ ኮርቻና ልጓም፣ ከነግላሱ። ነጋዴዎቹ ተባብረው ይግዙት፣ ስማቸው ይጠራ። ለሁለተኛው ገብስ በኩንታል። የእንስሳት ሐኪም ሜዳው ላይ ካልቆመ ግን የእኔን ፈረስ አልሰጥም።

ሸዋ በር፦ ኮርቻ ከሆነስ እኔም ዛሬውኑ ፈረስ ፍለጋ እወጣለሁ ሃሃ

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ አንተ መጀመሪያ መውጣቱን ልመድ። እኔ የመጀመሪያውን የገብስ ኩንታል አዋጣለሁ፣ ጻፉኝ። የእንግሊዞቹ አሠራር ላይ ግን አልተሸነፍኩም።