ኦልድ ሳረም «የበሰበሰች» ናት «የነቀዘች»?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። የእንግሊዝ ፓርላማ ታሪክ እየተረጎምኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸክያለሁ። «ኦልድ ሳረም እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ሁለት እንደራሴ የምትልክ የበሰበሰች የምርጫ ክልል ነበረች።» እንግሊዝኛው «rotten borough» ነው የሚለው፤ «የበሰበሰች» ግን ጆሮዬን ቆረቆረኝ። «የነቀዘች» ይሻላል? ወይስ «በሙስና የተዘፈቀች»?

ቀለም ቀንድ፦ የነቀዘች በል። ነቀዝ እህሉን ከውስጥ ይጨርሰዋል፣ ላዩ ደህና ይመስላል። ንቅዘት የምንለውም ከዚያ ነው።

የዳዊት ተማሪ፦ ቆይ፣ ሙስናን ቶሎ አትለፉት። ግእዙ «ማሰነ» ነው፤ ጠፋ፣ ፈረሰ። መዝሙር 15 ላይ «ወኢትሁቦ ለጻድቅከ ይርአይ ሙስና» ሲል ስለ መቃብር ነው፣ ጉቦ የለበትም። ስለዚህ መበስበስንም ሌብነትንም ይይዛል።

ሸዋዬ፦ ግእዙ ልክ ነው ወንድሜ። የዛሬ አንባቢ ግን ሙስና ሲባል የሚታየው በፖስታ የተላለፈ ብር ነው። ኦልድ ሳረም ላይ ማን ለማን ጉቦ ይሰጣል? ከተማዋ እኮ ባዶ ነበረች! ሳልስበሪ አጠገብ ያለች ኮረብታ ናት። ጥንት ግንብና ካቴድራል ነበራት። በ1220 አዲሱ ካቴድራል ታች ሜዳው ላይ ሲጀመር ሰዉም እየተከተለ ወረደ። የመምረጥ መብቱ ግን ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ ቀረ። መሬቱን የያዘ ሁለቱንም ወንበር ያዘ። ቶማስ ፒት በ1691 ገዛው። የልጅ ልጁ ዊልያም ፒት በ1735 ከዚያው ተመርጦ ፓርላማ ገባ፣ ኋላም አገሩን መራ። በ1831 መራጮቹ 11 ነበሩ፤ አንዳቸውም እዚያ አይኖሩም። ምርጫው የሚካሄደው ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር ነው።

ቀለም ቀንድ፦ ይኸው! ላዩ ምርጫ፣ ውስጡ ባዶ። ነቅዟል።

የዳዊት ተማሪ፦ ነቀዝ የሚበላ ፍጥረት ነው። ኦልድ ሳረምን የበላት የለም፤ ሞታ ነው የበሰበሰችው። ዊልያም ፒት ራሱ በ1766 እንዲህ ያሉትን ክልሎች የሕገ መንግሥቱ የበሰበሰ ክፍል ብሏቸዋል። በራሱ ካልወደቀ መቆረጥ አለበት ነው ያለው። ይህ የታመመ አካል ንግግር ነው፣ የጎተራ አይደለም። የኔታ ፊት የተቀመጠ ሰው ይህን አይስትም።

ቀለም ቀንድ፦ እኔም ዳዊት ደግሜያለሁ፣ በእሱ አትምጣብኝ። ኮርንዎል ያለችውን ግራምፓውንድን ምን ትላታለህ? በ1821 በጉቦ ምክንያት መብቷን ተነጥቃ ሁለቱ ወንበሮች ለዮርክሻየር ተሰጡ።

ሸዋዬ፦ እሷ በዛሬው ትርጉም ሙስና ናት። ደንዊች ደግሞ አብዛኛውን ከተማ ባሕር ወስዶት፣ እስከ 1832 ሁለት ወንበር ነበራት። ሦስቱን በአንድ ቃል መጠቅለል ይከብደኛል። ያ ሁሉ ሠራተኛ የሞላባት ማንችስተር የራሷ ተወካይ ያገኘችው እኮ በ1832ቱ የምርጫ ሕግ ማሻሻያ ነው! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ያኔ 56 ክልሎች ወንበራቸውን ሙሉ በሙሉ አጡ፣ ኦልድ ሳረምም አብራ ተሰረዘች።

የጎንደር ልጅ፦ ሁላችሁም «እንደራሴ»ን ዘለላችሁት። እዚያ የሚላከው የማን እንደራሴ ነው? የሕዝብ እንዳይባል ሕዝብ የለም። የባለመሬቱ ነው፤ ቃል በቃል «እንደ ራሴ» ብሎ የላከው።

ቀለም ቀንድ፦ «ራስ» እዚያ ውስጥ ማዕረግ ነው። ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ።

የዳዊት ተማሪ፦ በፍጹም! የማዕረጉ «ራስ» ቢሆን ኖሮ መጨረሻው ላይ ያለችው፣ «የእኔ» የምትለው «ኤ» ምን ትሠራለች? በግእዝ «አትሐተ ርእሶ» ማለት ራሱን ዝቅ አደረገ ነው። ርእስ የሰውየው ማንነት ነው። ቀለም ቀንድ፣ መጀመሪያ ይቺን መልስልኝ።