የጃፓን አኩፓንክቸር ለአባቴ ትከሻ፦ ምን ይጠብቀዋል?

የዘጌ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ወገኖቼ። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከዘጌ ባሕር ዳር በታንኳ እንጨት ሲያመላልስ ኖሯል። ቀኝ ትከሻውና አንገቱ ሌሊት እንቅልፍ ከነሳው ዓመት አለፈ። ሐኪም አይቶት፣ ራጅ ተነሥቶ፣ አጥንቱ ደህና ነው ተብሏል፤ የሚወስደው የሕመም ማስታገሻ (ዳይክሎፌናክ) ግን ጨጓራውን አስቸገረው። አሁን ጃፓን አኩፓንክቸር (በቀጫጭን መርፌ የሚደረግ ሕክምና) ተምሮ የመጣ ባለሙያ እዚህ ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል ሲባል ሰምቼ ለረቡዕ ጠዋት ቀጠሮ ያዝኩለት። እሱ ግን «ዋግምቱን አውቀዋለሁ፤ ይሄ መርፌ ሥሬን ቢነካብኝስ?» ብሎ ፈርቷል። የተደረገላችሁ ካላችሁ ከገባ እስኪወጣ የሚሆነውን ንገሩኝ።

ከኦሳካ ተመላሽ፦ ወንድሜ፣ ኦሳካ ስማር አንገቴን አሞኝ ለወራት ታክሜበታለሁ። አባታችንን አይዞዎት በልልኝ። መርፌው ቶሎ አይመጣም። መጀመሪያ ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ሆዳቸው፣ እጅ እግራቸው ይቀዘቅዝ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ከዚያ ባለሙያው የሁለቱንም እጅ ትርታ ያዳምጣል፤ በጀርባቸው አስተኝቶም ሆዳቸውን በመዳፉ ቀስ እያለ ይዳስሳል። ትከሻዬን ብዬ መጥቼ ሆዴን ምን አደረገው እንዳይሉ ይህን ቀድመህ ንገራቸው፤ በዚህ ስልት የሚታከመውን ቦታ የሚመርጡት በመዳሰስ ነው።

መርፌው ውፍረቱ 0.16 ወይም 0.18 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለምርመራ ደም የሚቀዳበት መርፌ አራት እጥፍ ያህል ይወፍራል። ቀጭን ቱቦ ቆዳው ላይ ይቆምና መርፌው በውስጡ ገብቶ አናቱ በጣት መታ መታ ይደረጋል። ቱቦው ቆዳውን ጫን ስለሚል ውጊያው ብዙም አይለይም። ይህን ቱቦ በ17ኛው መቶ ዘመን ያስለመደው ሱጊያማ ዋይቺ የተባለ ዓይነ ስውር ባለሙያ ነው። ዛሬም በጃፓን በዚሁ ሙያ የሚተዳደሩ ዓይነ ስውራን አሉ። እኔን ይህ ነበር ያረጋጋኝ፤ ሙያው በእጅ ስሜት ላይ የቆመ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚገባው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ጭራሽ ሳይወጋ ጫፉ ዱልዱም የሆነ ዘንግ ቆዳ ላይ አሳርፎ ይይዛል። በቻይናው ስልት «ደነዘዘኝ፣ ከበደኝ» እስክትል የሚጠብቁ ብዙ ናቸው፤ በጃፓኑ ግን ምንም ሳይሰማቸው ቢወጡ አልሠራም ማለት አይደለም። ያን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላቸው ይችላል፤ ሥራ አይያዙ።

እታለም፦ ሞክሳውንም ንገረው እንጂ! የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቅጠል ደርቆ ይፈተግና፣ የሩዝ ፍሬ ታህል ቆዳው ላይ ተቀምጦ ይለኮሳል። ሳያቃጥል ይነሣል፤ እንደኛ አገር ተኩስ ጠባሳ እንዲተው አይደለም። ካልፈለጉት «መርፌው ብቻ ይበቃኛል» ማለት ይችላሉ።

የቀበሌ 14ቱ፦ ተስፋችሁን ልክ ለማድረግ ያህል፦ ጀርመን ውስጥ 1,162 የወገብ ሕመምተኞች ላይ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በመርፌ ከታከሙት 47.6 በመቶ፣ ለመርፌ ከተለዩት የሰውነት ነጥቦች ውጭ ላይ ላዩን ከተወጉት 44.2 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና ደግሞ 27.4 በመቶ ተሽሏቸዋል። እንግዲህ ነጥቡ የቱ ጋ ነው የሚለው ያን ያህል ለውጥ አላመጣም፤ በመርፌ መታከሙ ግን ረድቷል። የናንተው ትከሻ ስለሆነ በቀጥታ አይወሰድም። እኔ ብሆን አራት አምስት ጊዜ ሞክሬ ለውጥ ካላየሁ እተወው ነበር።

ነርሷ፦ ረቡዕ ጾም አይደለም እንዴ? አባትህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ባዶ ሆዳቸውን እንዳይሄዱ፤ በመርፌ ላይ ራስን መሳት የሚመጣው አንዱ በዚያ ነው። ቀኑን ቀይር። መርፌው ከታሸገበት ዓይንህ እያየ ይከፈት፣ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ይሁን። ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? ከመርፌው በኋላ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ክንዳቸውም ከዛለ፣ ሳትውል ሳታድር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰዳቸው።

የዘጌ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ለሐሙስ አዛወርኩት። ለልቡ የታዘዘለት አስፕሪን አለ፤ ልጠቅሰው ረስቼ ነው። ይተወው?

ነርሷ፦ በፍጹም! በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። ለባለሙያው ንገረው፤ ትንሽ ቢበልዝ እንዳትደነግጡ። ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አብረው ጨጓራ ሊያደሙ ይችላሉ፤ ጨጓራዬን ያሉትም ከዚያ ሊሆን ይችላል። ከሐሙስ በፊት ሁለቱንም መድኃኒት ይዘህ ላዘዘላቸው ሐኪም አሳይ፤ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል።