ስፒከሬ እምምም ይላል፣ ባላንስድ ኬብል ልግዛ?

ዜማ7፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ። አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ሳበራ ሁለቱም ስፒከሮች እምምም ይላሉ፣ ቮልዩም በጨመርኩ ቁጥር ይብሳል። ዳኩ (ዲጂታሉን ድምፅ ለአምፑ የሚቀይረው ሳጥን) ከኋላው አርሲኤና ኤክስኤልአር የሚባሉ ሁለት ዓይነት መውጫ አለው፣ አሁን በአርሲኤ ነው የሰካሁት። ባላንስዱን፣ ማለት የኤክስኤልአሩን ኬብል፣ ብገዛ ይለቀኛል? ማታ እንግዳ አለብኝ፣ ሱቅ ሳይዘጋ ንገሩኝ።

ሶኬት፦ አምፑስ ኤክስኤልአር መግቢያ አለው? ዋናውን ሳትነግረን አጣደፍከን እኮ።

ፊውዝ፦ ኬብል ቀይር። የኔም እንደዛ ሲያደርገው ነበር፣ ስቀይረው ተወው።

የድሮ ቴፕ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ። አርሲኤ ውስጥ ያለው የድምፅ ሽቦ አንድ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን የሸፈነው መረብ ግራውንድም የድምፁ መመለሻም ነው፣ ስለዚህ በግራውንዱ የሚያልፍ ረብሻ ከዘፈኑ ጋር ይቀላቀላል። ኤክስኤልአር ሦስት ፒን አለው። 1ኛው ግራውንድ፣ 2ኛው ድምፁ፣ 3ኛው ያው ድምፅ ተገልብጦ። ረብሻው ሁለቱ ሽቦዎች ላይ እኩል ያርፋል፣ ተቀባዩ ደግሞ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ ረብሻው ይጣፋል። ስቱዲዮና መድረክ ላይ ገመዱ ረጅም ስለሆነ ያለሱ አይሆንም። ቤት ውስጥ ለአንድ ሜትር ግን ደህና አርሲኤ ይበቃል።

ጆሮ ገብ፦ ለእንግዶቹ ዘፋኙ ጉሮሮውን እያሟሸ ነው በላቸው 😂

ቀጭን ሽቦ፦ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። ይሄ የኬብል ዓይነት ጉዳይ ሳይሆን ግራውንድ ሉፕ ይመስላል፣ ማለት ዕቃዎቹ በግራውንዳቸው ከአንድ በላይ መንገድ ተገናኝተው ረብሻ ሲዞርባቸው ነው። ከስፒከሮቹና ከመብራት ገመዱ በቀር ከአምፑ ጀርባ የገባውን ሁሉ ንቀልና ብቻውን አብራው። ያኔም እምምም ካለ ችግሩ እዛው አምፑ ውስጥ ነው። ዝም ካለ አንድ በአንድ እየመለስክ አዳምጥ፣ ጥፋተኛው ሲሰካ ራሱ ይናገራል። ዳኩ ከላፕቶፕ ጋር ነው? ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ሞክር። የቲቪ አንቴና ገመድም ካለ እሱንም ንቀል።

ፊውዝ፦ ወይ የስፒናውን የግራውንድ እግር ቁረጠው፣ ጸጥ ይላል።

ቀጭን ሽቦ፦ እንዳትሰማው!! ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ የብረት ሳጥኑን ቢነካ፣ አምፑን ስትነካ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው ባንተ በኩል ነው።

ዜማ7፦ አዎ ላፕቶፕ ነው፣ ቻርጀር ላይ። አምፑ አርሲኤ ብቻ ነው ያለው። ከኤክስኤልአር ወደ አርሲኤ የሚቀይር ኬብል አይቻለሁ፣ እሱስ?

የድሮ ቴፕ፦ ይገጥማል እንጂ ባላንስድ አይሆንም፣ አምፑ የሚቀበለው ያው አንድ የድምፅ ሽቦ ነው። እንዲያውም አንዳንድ ዳክ 3ኛው ፒን ከግራውንድ ጋር ሲገናኝበት አይወድም፣ መመሪያውን እይ። ደግሞ ኤክስኤልአር በድምፅ ይበልጣል የሚሉህን ቶሎ አትመን። ብዙ ዳኮች በአርሲኤ 2 ቮልት፣ በኤክስኤልአር 4 ቮልት ነው የሚያወጡት። እጥፉ ቮልት በ6 ዴሲቤል ይጮኻል፣ ጮክ ያለ ነገር ደግሞ ለጆሮ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ሶኬት፦ ዳኩ ኦፕቲካል መግቢያ ካለውና ላፕቶፑም ካወጣ በሱ ሞክር። የሚያልፈው ብርሃን ስለሆነ ግራውንዳቸው አይገናኝም።

ጆሮ ገብ፦ ዜማ7 ቻርጀሩን ነቀልከው? ወይስ ሱቅ ሄደህ ነው?

ፊውዝ፦ ኬብል ቀይር ብያለሁ እኮ።