እድሩ ለጸበል ሱባዔ ይክፈል ወይስ አይክፈል? (የካ አባዶ፣ የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ)

የእድሩ ጸሐፊ
ጤና ይስጥልን ጎረቤቶች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ 5 ሰዓት ላይ ጠቅላላ ስብሰባ አለን። አንዱ አጀንዳ ይኸውላችሁ፦ እስከ ዛሬ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲታመም የሐኪም ቤት ደረሰኝ አይተን በዓመት እስከ 3,000 ብር እንደጉማለን። አሁን 11 አባላት ፈርመው «ጸበል ሱባዔ ለሚገባም ይከፈል፤ ታክሲውም፣ የማደሪያ ኪራዩም፣ በሶውም ወጪ ነው» ብለው ማመልከቻ አስገብተዋል። እሑድ ተጯጩኸን ከምንበተን እዚሁ እንጨርሰው። ስድብ የለም። የድምፅ መልእክትም አትላኩ፣ ማንም አይሰማውም።

ዲያቆን (ብሎክ 15)
ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ። እድር ኢንሹራንስ አይደለም፤ የተቸገረን ሰው ማንሳት ነው ሥራው። የያዕቆብ መልእክት 5፥14 የታመመ ካህናትን ይጥራ፣ በዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። ቀንዲል፣ ማለት ይኸው የታመመን በዘይት መቀባት፣ ከሰባቱ የቤተ ክርስቲያን ምሥጢራት አንዱ የሆነውም ለዚህ ነው። እንጦጦ ማርያም ወይም ሽንቁሩ ሚካኤል የሚወጣ ሕመምተኛ ከአባዶ ተነስቶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱ አለበት። 7 ቀን ይሁን 21 ቀን ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል፣ አስታማሚም ይፈልጋል። ለኤክስሬይ ከፍለን ለዚህ አንከፍልም ማለት ጸሎትን ከሕክምና ውጭ ማድረግ ነው።

የጣፎ ሹፌር
ጸበል ደረሰኝ ይቆርጣል እንዴ? ሃሃሃ። ጥያቄዬ ግን የምር ነው፣ ጸሐፊያችን በምን ሊያወራርዱት ነው?

ሲስተር (ብሎክ 31)
እኔ እቃወማለሁ። ጸበል ጠልቼ አይደለም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ጤና ጣቢያ ስሠራ ግን ከሱባዔ ተሸክመው የሚያመጡብንን ሰው አያለሁ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት አራት ዓይነት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። አንዱ በሁለተኛው ወር «ለቆኛል» ብሎ ኪኒኑን አቁሞ ይሄዳል፣ አሥር ሰው በሚያድርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ ያስላል። በሽታው መድኃኒት ለምዶ ይመለስበታል፣ አጠገቡ የተኛውም ይዞት ይሄዳል። የእድሩ ብር ለዚህ እንዲውል አልፈልግም።

እማማ (ብሎክ 7)
ሲስተርዬ በጸበል የዳነውስ ሰው? እሱን ተሸክመው አያመጡልሽም እኮ፤ በእግሩ ነው ቤቱ የሚገባው።

ሲስተር (ብሎክ 31)
እማማ እሱስ እውነትዎን ነው። የማየው የከፋበትን ብቻ ነው።

የልጁ እናት (ብሎክ 22)
ዝም ልል ነበር። ብዙዎቻችሁ የልጄን ነገር በሹክሹክታ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ራሴ ልናገረው።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። በ9 ዓመቱ ነው የጀመረው፣ ፍርፍር እየበላ ጣለው። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ አሸተተው፣ አንዱ ማንኪያ አፉ ውስጥ ሊከት ታገለ፣ ሌላው «አትንኩት ይተላለፋል» ብሎ በር ላይ ቆመ። በኋላ ሐኪም ቤት ፌኖባርቢታል ተጀመረለት፣ ማታ ማታ። በሳምንት ሁለቴ ይጥለው የነበረው ልጅ ወር፣ ሁለት ወር ሳይጥለው ይቆይ ጀመር። ትምህርቱንም ተመለሰ።

ለፍልሰታ ሱባዔ ይዤው ገባሁ። የቦታውን ስም አልጠራም። ውኃ የሚያፈስሰው ሰውዬ ቦርሳዬ ውስጥ የኪኒኑን ፖስታ አየ። «በአንድ እጅሽ ጸበል፣ በአንድ እጅሽ ኪኒን? እግዚአብሔርን ትጠራጠሪያለሽ?» አለኝ ሰው ፊት። አፈርኩ። ፖስታውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልኩት። በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ ጣለው፣ አለቀቀውም። አንዱ ሳያበቃ ሌላው ይመጣል። አራት ጎረምሶች በጋቢ ተሸክመውት ኮንትራት ታክሲ አገኘን። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ።

ስንመለስ ዕቃዬን ልወስድ ሄድኩ። ሰውዬው ምን አለኝ? «እምነትሽ ጎድሎ ነው።»

ጸበሉን አልከስስም። ቢጫው ጄሪካን ዛሬም በረንዳዬ ላይ አለ። ማታ ውዳሴ ማርያም ደግሜ ስጨርስ ልጄ ኪኒኑን በዚያው ጸበል ይውጠዋል። ጸሎቱ ባይኖር ኪኒኑንም እረሳው ነበር፣ እውነቴን ነው። እድሩ ይክፈል አይክፈል አላውቅም። ያቺን ቃል ግን ሌላ እናት እንዳትሰማት እፈልጋለሁ።

ሲስተር (ብሎክ 31)
እህቴ አይዞሽ። የሆነው ከእምነትሽ ጋር አይገናኝም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ አንጎል እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ያመነም ቢሆን ያላመነም። ከ5 ደቂቃ በላይ ካልለቀቀ ድንገተኛ ነው፣ ወዲያው ሐኪም ቤት። ለሌሎቻችሁም፦ ክብሪት አያስፈልግም፣ አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፣ አይተላለፍም። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ነጠላም ቢሆን አድርጉለት፣ ሰዓት ያዙ። መድኃኒቱን በአግባቡ ከሚወስዱ 10 ሰዎች እስከ 7ቱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ሐኪም ስለ መቀነስ የሚያስበው ሳይጥለው ቢያንስ 2 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው፣ ያውም ቀስ በቀስ። አንድ የምጨምረው፣ የማታ ኪኒን ከጠዋት ጸበል ጋር በሰዓት እንኳ አይጋጭም። የጠዋት መድኃኒት ያለው ሰው ግን በባዶ ሆዱ ብዙ ጠጥቶ ሲያስመልሰው መድኃኒቱም አብሮ ይወጣል፣ እሱን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ዲያቆን (ብሎክ 15)
እህቴ፣ ይህን ዛሬ ነው የሰማሁት። ይቅርታ። ያ ሰው የተናገረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ነፃው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ሲጀመር ይኸው ክርክር ነበር፤ ስንቱ ኪኒኑን ጥሎ እንጦጦ ወጣ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱና ጸበሉ አይጋጩም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም ሐኪሙን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸልይ ይልህና ወዲያው ለሐኪሙ ደግሞ ቦታ ስጠው ይልሃል።

ግን በአንድ ሰው ጥፋት በሩ ሁሉ አይዘጋ። የአእምሮ ሕመምተኛን ሐኪም ቤት አምስት ደቂቃ አይተው ለሦስት ወር ይቀጥሩታል። ጸበል ቦታ ግን እናቱ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ የማያውቁት ሰዎች ቆሎ ያካፍሉታል፣ በስሙ ጠርተው ይጸልዩለታል። ቤት ውስጥ ተደብቆ ወይም ታስሮ የኖረ ሰው እዚያ ሰው መሀል ይወጣል። ይህ ምንም አይደለም?

የጣፎ ሹፌር
እዚያም በሰንሰለት የታሰረ አይቻለሁ ዲያቆን። ራሴ ነኝ ያደረስኩት።

ዲያቆን (ብሎክ 15)
አለ። አልክድም።

ተማሪው (ብሎክ 40)
ስለ ጸሎት ፈውስ ጥናት አለ እኮ። እ.ኤ.አ. 2006 አሜሪካ ውስጥ በ6 ሆስፒታሎች የልብ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ 1,802 ሰዎች ላይ ተሠርቷል። ሳያውቁ የተጸለየላቸው ካልተጸለየላቸው አልተሻሉም። የሚገርመው፣ እንደሚጸለይላቸው የተነገራቸው ላይ የጤና እክል ትንሽ በዝቷል፣ 59 ከመቶ፤ እርግጠኛ ያልሆኑት ላይ 52። አንዱ ግምት «ይህን ያህል ከብዶብኛል እንዴ?» ብለው ተጨንቀው ይሆናል የሚል ነው። ስለዚህ እድሩ በማስረጃ ይሂድ ባይ ነኝ።

እማማ (ብሎክ 7)
ልጄ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ ለማያውቁት ሰው የጸለዩት ጸሎት ተለክቶ ነው? እኔ ልጄን ስቀብር አንድ ዓመት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሌሊት ተነስቼ ዳዊት እደግም ነበር፣ ፊደሉ እስኪደበዝዝብኝ። እግዚአብሔር አልሞተችም እንዲለኝ አይደለም። መጀመሪያ እየተጣላሁት ነው የጸለይኩት፣ በኋላ ዝም ብዬ፣ በኋላ ለሰው። አንድ ቀን ከዳዊቱ ተነስቼ ጎረቤት ጠርቼ ቡና አፈላሁ። ዓመት ሙሉ ረከቦቱን አልነካሁትም ነበር። ይህን በስንት ከመቶ ትጽፈዋለህ?

ተማሪው (ብሎክ 40)
እማማ ይሄንን መልስ የለኝም። ጥናቱም ይሄንን አልጠየቀም።

የወንጌል አማኙ (ብሎክ 18)
ሲራክ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ የለም (ዲያቆን ይሄን ሲሰማ ፈገግ ይላል)፤ ችግሩ ግን በእኛም ቤት አለ፣ አንሸፋፍነው። የፈውስ ኮንፈረንስ ላይ መነጽሩን ረግጦ ሰብሮ በማግስቱ ሌላ የገዛ ሰው አውቃለሁ፣ ምስክርነቱን ግን አላስተካከለም። ጳውሎስ ስንት ሰው የፈወሰ ሐዋርያ ሆኖ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህ ጥቂት ወይን ጠጣ አለው እንጂ እምነትህ ጎደለ አላለውም። የራሱን የሥጋ መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሳለትም።

ደግሞ «ትጠራጠሪያለሽ?» የሚለው ነገር። ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ዝለል፣ መላእክት ያነሱሃል ያለውስ ይኸው አይደል? ኪኒኑን ጣይ ማለት ዝለይ ማለት ነው።

ጡረተኛው መምህር (ብሎክ 3)
ዘግይቼ ነው ያነበብኩት፣ ይቅር በሉኝ። ስለዚያች ቃል፣ ስለ «እምነትሽ ጎድሎ» አንድ ነገር ልበል።

ይህ የልጁ ነገር በወንጌል ውስጥ ያለ ታሪክ ነው፤ ማቴዎስ 17፣ ማርቆስ 9። ብዙ ጊዜ እሳት ላይ ብዙ ጊዜም ውኃ ላይ የሚወድቅ ልጅ። አባትየው መጀመሪያ ወደ ደቀ መዛሙርቱ አመጣው፣ አልቻሉም። ጌታ ከፈወሰው በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ለብቻቸው ቀርበው «እኛ ለምን አቃተን?» ብለው ጠየቁ። ስለ እምነታችሁ ማነስ ነው ያለው እንግዲህ እነሱን ነው። ጸሎትና ጾም ያስፈልጋል የተባሉትም እነሱ ናቸው፣ የሚያጠምቁት። ልጁ ምንም አልተጠየቀም። አባትየው «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ፣ ግማሽ እምነት ይዞ ነው የመጣው፣ በዚያችው ግማሽ ልጁ ተፈወሰለት። እኛ አገር ግን ቃሉን ገልብጠን ለበሽተኛው እናት እንሰጣታለን። አጥማቂው አቃተኝ እንደማለት አንቺ ጎደልሽ ይላል። እኔ 40 ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ክፍሉ ሁሉ ሲወድቅ ተማሪውን ብቻ የሚወቅስ መምህር ጥሩ መምህር አይደለም።

የልጁ እናት (ብሎክ 22)
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይቺን ወረቀት ላይ ጽፌ አስቀምጣታለሁ።

ዲያቆን (ብሎክ 15)
መምህር፣ ይህንን በሰንበት ትምህርት ቤት ብደግመው ይፈቅዱልኛል? ከንጉሥ አሳ ታሪክ ጋር አያይዤ። 2ኛ ዜና 16 ላይ ንጉሥ አሳ ታሞ ሐኪሞችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ተብሎ ተወቅሷል፤ ይችም እንዳትረሳ።

ጡረተኛው መምህር (ብሎክ 3)
ድገመው። አሳንም አንብብላቸው፤ የተወቀሰው ሐኪም ጠርቶ አይደለም፣ አንዱን ጠርቶ አንዱን ትቶ ነው።

ሙስሊሙ ጎረቤት (ብሎክ 26)
እኔም መዋጮ እከፍላለሁና ልናገር። ለጸበል ከተከፈለ ለሩቅያም፣ ቁርአን ለሚቀራበት ፈውስም፣ ይከፈላል ማለት ነው? ካልሆነ ወደ ጠብ ነው የምንሄደው። እኛም ዘንድ ቁርአን እየቀራ መድኃኒት አቁም የሚል አይጠፋም።

የእድሩ ጸሐፊ
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ማመልከቻው ይህን አላሰበም። እንዲህ ብናደርገውስ፦ ለጸበል ወይም ለሌላ ብለን አንጻፍ። «ለታመመ አባል መጓጓዣና ማደሪያ» እንበል፣ የትም ይሂድ። ከ3,000 ብሩ ውስጥ እስከ 1,000።

ሲስተር (ብሎክ 31)
በአንድ ነገር እስማማለሁ። የጤና ጣቢያ ክትትል ያለው ሰው ገንዘቡን ሲወስድ የቀጠሮ ካርዱን ያሳይ። ቀጠሮው ሱባዔው መሀል ከዋለ ለተጨማሪ ቀን መድኃኒት ይዞ እንዲሄድ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ዲያቆን (ብሎክ 15)
ሲስተር ይሄ ይከብደኛል። ሰው ለጸሎት ሲሄድ ካርድ አሳይ ማለት? ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ካርዱን ለእድር ጸሐፊ ሊያሳይ ነው?

ሲስተር (ብሎክ 31)
እሱንስ አላሰብኩትም። ይቅር እሺ። ታዲያ እናንተ ዲያቆናት ለአጥማቂዎቹ ንገሯቸው፤ በር ላይ ይለጠፍ፣ «መድኃኒት አታቋርጡ» የሚል። ብሩን እኔ ራሴ አዋጥቼ አሳትመዋለሁ።

ዲያቆን (ብሎክ 15)
የእኛን አጥቢያ አስተዳዳሪ ቅዳሜ አነጋግራለሁ። የሌሎቹን ቃል አልገባም።

እማማ (ብሎክ 7)
ጽሑፉ ደመቅ ብሎ ይጻፍ፣ እኔ ዓይኔ አያይም። ማንበብ የማይችለውም ብዙ ነው፤ ከስብከት በኋላ በአፍ ይነገር።

የጣፎ ሹፌር
ሁሉም ጥሩ። የደረሰኙ ነገር ግን አልተመለሰም ጸሐፊ። የበሶ ደረሰኝ ማን ነው የሚቆርጥልን?

የእድሩ ጸሐፊ
እሑድ 5 ሰዓት። ወንበር ስለማይበቃ የቻለ ዱካ ይዞ ይምጣ።