«አሳልፎ መስጠት» ክህደት አይመስልም?

ሰምና ወርቅ፦ ሰላም ጓዶች። ትናንት ዜናው «ተጠርጣሪውን አሳልፎ ለመስጠት ተስማሙ» ሲል እናቴ «ውይ፣ ማን ከድቶት ነው?» አለችኝ። «አሳልፎ የሰጠው ይሁዳ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይምጣለት። ለኤክስትራዲሽን፣ ማለትም አንድ አገር ተጠርጣሪን ለሚከሰው ሌላ አገር ለመስጠቱ፣ የተሻለ ቃል የለንም?

ባለ አንቀጽ፦ «ተላልፎ መሰጠት» በለው፣ ይሁዳው ትንሽ ይለቅቃል ሃሃ። በነገራችን ላይ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊውን ለውጭ አገር አንሰጥም፣ እዚሁ ይዳኛል ነው የሚለው።

የዲሲው፦ እኛ ጋ ሰው ሁሉ ከዲፖርት ጋር ነው የሚያምታታው። ዲፖርት ማለት ያለህበት አገር ራሱ ወረቀትህን አይቶ ውጣልኝ ሲልህ ነው፣ ማንም ባይፈልግህም። ይሄኛው ግን ክስ ይዞ ስጡኝ የሚል ሌላ መንግሥት አለ። የእስር ማዘዣ ደግሞ ድንበር ሲሻገር ልመና ነው የሚሆነው፣ መንግሥቱ ኃይለማርያም 1983 ሐራሬ ገባ፣ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት ሞት ፈረደበት፣ ዚምባብዌ አልሰጥም አለች በቃ። «ኢንተርፖል ያዘው» የምትሉም ተዉ እባካችሁ፣ እነሱ የሚያወጡት ሬድ ኖቲስ «ይህ ሰው ይፈለጋል» የሚል ማሳወቂያ ነው፣ የሚይዘው ያገሩ ፖሊስ ነው፣ ያውም ከፈለገ።

ባለ አንቀጽ፦ ልመናው ቢሰማም እኮ አያልቅም፣ ድርጊቱ በሁለቱም አገር ወንጀል መሆን አለበት። የቺሌው የቀድሞ አምባገነን ፒኖቼ ሎንዶን ጀርባውን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ገና ክሊኒክ እንደተኛ በስፔኑ ዳኛ በጋርዞን ማዘዣ ተያዘ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1998 ነው፣ ከዛ የእንግሊዝ ዳኞች ውጭ አገር የተፈጸመ ቶርቸር በኛ ሕግ ወንጀል የሆነው ከሴፕቴምበር 1988 መጨረሻ ወዲህ ነው ብለው አብዛኛውን ክስ ጣሉት፣ በ2000 ደግሞ የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ አሟል ብሎ ቺሌ ላከው። ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላው ምንም አልቀረው!

ሰምና ወርቅ፦ እና አውሮፓ ውስጥ አሁንም እንዲህ ነው?

ቅኔ ዘራፊ፦ የለም፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል የአውሮፓ የእስር ማዘዣ የሚባል አለ። ከዳኛ ለዳኛ ነው፣ ሚኒስትር አይገባበትም፣ ለ32 ዓይነት ወንጀልም ያ «በሁለቱም አገር» የሚለው አይጠየቅም። ለኛ የሚጥመው ግን ቃሉንም መቀየራቸው ነው፣ ሰነዱ ኤክስትራዲሽን አይልም፣ እንደ ርክክብ ያለ ነገር ነው የሚለው። እና «ማስረከብ» ብንለውስ? ክህደት የለበትም፣ ደረቅ ነው፣ ፊርማ ፊርማ ይሸታል።

ሰምና ወርቅ፦ ወድጄው ነበር። እናቴን ጠየቅኳት፣ «ዕቃ ነው እንዴ?» አለች።