ፀሐይ ለማይደርስበት ግቢ፦ አጫጭር የአይቪ ዓይነቶችን መሬት ለማልበስ መትከል

ጥያቄ፣ ከሽቱትጋርት፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት። ከአፓርትመንት ወጥተን ግቢ ያለው ቤት ከተከራየን ጥቂት ወራት ሆኖናል። በቤቱ ሰሜናዊ ጎን ሁለት ትልልቅ የሜፕል ዛፎች ስላሉ ቦታው ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፤ ሣር ብንዘራበትም እየሳሳ ሄዶ አፈሩ ተገለጠ፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ወደ በረንዳው ይመጣል። አከራያችን «አይቪ የሚባለውን እየተሳበ የሚያድግ ሐረግ ትከሉበት፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ይሆንላችኋል» ሲሉን፣ ጎረቤታችን ደግሞ አይቪ ግድግዳ የሚያበላሽና ለልጆች መርዝ የሆነ ተክል መሆኑን ነገሩን። ሁለት ትንንሽ ልጆች ስላሉን ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት አካባቢ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እህታችን። አከራይዎም ሆኑ ጎረቤትዎ የተናገሩት እውነትነት አለው፤ ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ግን የሚመርጡት የአይቪ ዓይነትና ተክሉ ከመሬት ሳይነሣ እንዲኖር የሚያደርጉት ክትትል ነው። እኔ በእንዲህ ያለ ቦታ ከአይቪ የተሻለ ተክል አለ ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን ምክሬ ለማንኛውም አይቪ ሳይሆን አጭር ሆነው ጥቅጥቅ ብለው ለሚያድጉት ነው።

በቅድሚያ ሣሩን መልሰው አይዝሩት። በሜፕል ሥር ሣር የሚጠፋው ብርሃን በማጣቱ ብቻ አይደለም፤ የዛፉ ሥር ላይ ላዩን የሚሄድ በመሆኑ በሞቃቱ ወራት የአፈሩን እርጥበት ቀድሞ ይመጠዋል፣ ቅጠሉም የሚወርደውን ቀላል ዝናብ ከላይ ያስቀረዋል። አይቪ ግን በጀርመን ደኖች በትልልቅ ዛፎች ሥር በተፈጥሮው የሚበቅል አገር በቀል ተክል ስለሆነ፣ ሥር ከያዘ በኋላ ጥላውንም ድርቀቱንም ይችላል። በብርድ ወራት ቅጠሉ አለመርገፉም ጭቃውን የሚያቆምልዎ በጣም በሚፈልጉበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ወደ ዝርያው ምርጫ ስንመጣ፣ እዚህ አገር ኤፎይ ብለው ከጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡልዎ «ሂበርኒካ» የተባለውን ባለ ትልልቅ ቅጠል ዓይነት ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ፈጥኖም ይሸፍናል፤ ነገር ግን ሐረጉ በዓመት አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊረዝም ስለሚችል ለመናፈሻና ለመቃብር ስፍራ እንጂ ለትንሽ የቤት ግቢ አልመክረውም። ለእርስዎ ቦታ የምመርጠው ቅጠሉ ትንሽ ሆኖ መሬት ላይ ተለጥፎ የሚሄደውን «ፕላተንዜ» የተባለውን ነው። ቅጠሉ የዳክዬ እግር የሚመስለው «ዳክፉት»፣ እንዲሁም የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ላይ ተጠቅልሎ የሚያብረቀርቀው «ኢቫሌስ» አጫጭርና ውብ ስለሆኑ ከበረንዳው አጠገብ በቅርብ ለሚታየው ክፍል ይስማማሉ። «ኮንግሎሜራታ» የሚባለው ደግሞ ግንዱ ደንደን ብሎ የሚቆም፣ የተሸበሸቡ ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ የተደረደሩለት እጅግ አዝጋሚ ተክል ነው፤ ለድንጋይ ዳርና ለደረጃ ጥግ ያምራል እንጂ ሰፊ መሬት ለማልበስ አይሆንም። ነጭ ወይም ቢጫ የተቀላቀለበት ቅጠል ያላቸውን ለጥልቅ ጥላ ባይገዙ ይሻላል፤ ብርሃን ሲያንሳቸው ቀለማቸው እየጠፋ ወደ አረንጓዴነት ያደላሉ።

አንድ ነገር ላሳስብዎ፤ በሱፐርማርኬት ለቤት ውስጥ ማሰሮ የሚሸጡትን ባለ ትንንሽ ቅጠል አይቪዎች ገዝተው ውጭ አይትከሉ። በሞቃት የመስታወት ቤት ያደጉ በመሆናቸው የመጀመሪያው ውርጭ ብዙዎቹን ይጎዳቸዋል። ችግኙን ባውምሹለ ከሚባሉት የችግኝ ጣቢያዎች ይግዙ፣ ውጭ የከረመ መሆኑንም ይጠይቁ።

የተከላው ጊዜ ሴፕቴምበር ወይም ኤፕሪል ቢሆን መልካም ነው፤ ለዛፍ ሥር ሴፕቴምበርን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም አፈሩ ገና ሙቀት እንደያዘ ዝናብ ስለሚመጣለት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሥሩ በመሬት ውስጥ እየተሳበ የሚሄደውን አረም፣ በተለይም እዚህ ጊርሽ የሚባለውን፣ ከነሥሩ ለቅመው ይጨርሱ። አይቪ ከተተከለ በኋላ አረሙ ከሐረጉ ጋር ስለሚጠላለፍ ማውጣቱ እጅግ አድካሚ ይሆናል፤ በዚህ ደረጃ የሚጠፋ ጊዜ የባከነ አይምሰልዎ። መሬቱን በሙሉ መቆፈር አያስፈልግም፤ እንዲያውም የሜፕሉን ሥር ስለሚጎዳ አይገባም። በሥሮቹ መካከል ባገኙት ክፍተት ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍረው፣ የበሰበሰ ቅጠል ወይም ኮምፖስት ቀላቅለው፣ ችግኙን በማሰሮው ውስጥ ከነበረበት ጥቂት ጠለቅ አድርገው ይትከሉት። የአይቪን ሐረግ ገልብጠው ቢመለከቱ ከቅጠሎቹ መነሻ በታች እንደ ብሩሽ ፀጉር የቆሙ ቡናማ ሥረኞች ያያሉ፤ እነዚህ ግድግዳ ሲያገኙ መጨበጫ ይሆናሉ፣ እርጥብ አፈር ሲያገኙ ግን ከዚያው ቦታ እውነተኛ ሥር ይወጣል። ስለዚህ ረዥሙን ሐረግ መሬት ላይ ዘርግተው እዚህም እዚያም ጥቂት አፈር ቢያለብሱት አንዱ ችግኝ በብዙ ቦታ ሥር ይሰዳል።

ለፈጣኖቹ ዓይነቶች በአንድ ካሬ ሜትር ከ6 እስከ 8 ችግኝ ይበቃል፤ ለአጫጭሮቹ እስከ 12 ድረስ ያስፈልጋል፣ ያም ሆኖ መሬቱ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈን ሁለትና ሦስት ዓመት ይወስዳል። ወጪው እንዳይከብድዎ ግማሹን ገዝተው የቀረውን ራስዎ ማራባት ይችላሉ፤ በኦገስት መጨረሻ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ቆርጠው በእርጥብ አሸዋማ አፈር ቢያስገቡት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥር ያወጣል። እስኪሸፈን ድረስ በችግኞቹ መካከል የቅጠል ጉዝጓዝ ያድርጉ። የመጀመሪያውን ሞቃት ወቅት በሳምንት አንዴም ቢሆን አጥብቀው ያጠጡት፤ ብዙ ሰው ተክሉ ለምን እንደሞተ ሳያውቅ የሚቀረው ይህን ስለሚዘነጋ ነው።

አጫጭሮቹ አንድ ጉድለት አላቸው። የሜፕል ቅጠል በኦክቶበርና በኖቬምበር በብዛት ሲረግፍ በትልቁ አይቪ መካከል ሾልኮ ይገባና እዚያው ይበሰብሳል፤ በአጭሩ ላይ ግን እርጥብ ሆኖ ይነጠፍና ከሥር ያለውን ያፍናል። ስለዚህ በየመኸሩ ቅጠሉን በእጅ ወይም በቀላል መጥረጊያ ማንሣት ግድ ነው። ይህን ለማድረግ ጊዜ የማይኖርዎ ከሆነ በዛፎቹ ግንድ ዙሪያ «ፕላተንዜ»ን ብቻ ቢተክሉ ይመረጣል።

ጎረቤትዎ ስለ ግድግዳ የነገሩዎት ተክሉ እንዲወጣ ሲተው የሚደርስ ነው። አይቪ ደኅና ግድግዳን ባያፈርስም፣ ስንጥቅ ካገኘ ይገባና እየወፈረ ያሰፋዋል፤ ሲነቅሉትም የሥረኞቹ ምልክት በቀለሙ ላይ ይቀራል። በአብዛኛው የጀርመን ቤት መሠረት ዙሪያ ያለውን የጠጠር መስመር ባዶውን ይተዉት፤ ወደዚያና ወደ ዛፎቹ የሚያመራውን ሐረግ በዓመት ሁለት ጊዜ በመቀስ ይቁረጡት። ማርች ሲገባ ግን ጠንከር ያለ ቆረጣ አይጀምሩ፤ የወፎች መራቢያ በመሆኑ ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቁጥቋጦና አጥር መመንጠር በፌዴራል የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ነው፣ የተፈቀደው ለጋውን እድገት ማስተካከል ብቻ ነው።

ስለ ልጆቹ ያልዎት ስጋትም የሚፈታው በዚሁ ቆረጣ ነው። አይቪ የሚያብበውና ጥቁር ፍሬ የሚያፈራው ወጥቶ ብርሃን ሲያገኝ ነው፤ መሬት ላይ ሲቀር ልጅነቱን ይዞ ስለሚኖር ፍሬ አይሰጥም። ምልክቱም ቅጠሉ ነው፦ መሬት ላይ ያለው ቅጠል ጣቶች ያሉት ሲሆን፣ ሊያብብ የደረሰው ቅርንጫፍ ቅጠል ግን ጣት የሌለው፣ እንቁላል ቅርጽ ያለው ይሆናል፤ ይህን ካዩ ወዲያውኑ ይቁረጡት። ፍሬውም ቅጠሉም ሲበላ ይመርዛል፤ ልጅ አፉ ውስጥ አስገብቶ ከሆነ ጊፍትኖትሩፍ ወደሚባለው የመመረዝ አደጋ የስልክ ምክር አገልግሎት ይደውሉ። የተክሉ ፈሳሽም ፋልካሪኖል የተባለ ቆዳ የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ስላለው ሲቆርጡ ጓንትና ረዥም እጅጌ ያድርጉ። ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣ ጉዳይ አለ፤ በፋርማሲ ለሳል የሚሸጠው የአይቪ ቅጠል ሽሮፕ መጠኑ ተለክቶ የተዘጋጀ መድኃኒት ስለሆነ፣ እርሱን አይቶ የግቢውን ቅጠል አፍልቶ ለልጅ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

አበባውን ማጣት ግን ለንቦች ኪሳራ መሆኑን አልሸሽግም። አይቪ ሌላው አበባ ባለቀበት በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ስለሚያብብ ለንቦች የመጨረሻው ቀለብ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነጭ ማር የሚገኝበት ጌተምም የዚሁ የአይቪ ቤተሰብ ነው። ልጆችዎ ከፍ ሲሉ በግቢው ሩቅ ጥግ አንዱን አሮጌ አጥር ላይ ቢለቁት መልካም ነው።

አስተያየት፣ ከሲያትል፦

ወንድማችን፣ ማብራሪያዎ ግሩም ነው፤ እኛም በእንዲህ ያለ ጥላ ቦታ እንቸገራለን። እዚህ ልንተክለው እንችላለን?

መልስ፣ ከፍራንክፈርት አካባቢ፦

እባክዎ አይትከሉት። በእናንተ አካባቢ አይቪ መጤ ነው፤ የአየሩ ልዝብነትና እርጥበት ስለተስማማው ደን ውስጥ ገብቶ መሬቱን ብቻውን ይይዛል፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲያፈራም ወፎች ዘሩን ይበትኑታል። የዋሽንግተን ግዛት የተወሰኑ የአይቪ ዓይነቶችን በጎጂ አረም መዝገቡ አስፍሯል፣ በኦሪገን ደግሞ መሸጡም የተከለከለ ነው። አጭር ዓይነት መምረጥ ይህን አደጋ ቢቀንሰውም አያስቀረውም፤ ቤቱን ለቅቀው ሲሄዱ የሚከታተለው ሰው አይኖርምና። እዚያው የሚበቅሉት ሶርድ ፈርን የተባለው አበባ የሌለው ባለ ረጃጅም ቅጠል ተክልና ሳላል የተባለው ቁጥቋጦ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ናቸው፣ ጥላም ይወዳሉ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁም አይቪውን ትታችሁ ክሪስማስ ፈርን የተባለውን ብትተክሉ ያው አረንጓዴነት ይገኛል።

ለሽቱትጋርቷ እህታችን አንድ የረሳሁት ነገር አለ፦ አከራይዎ በቃል የፈቀዱልዎን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ቤቱን ሲለቁ ተክሉ ይቀር ወይም ይነቀል የሚለውም በዚያው ይስፈር።